ውባለም የገዘተችኝ ዓመት

እኔ ብርቱካን አልበላም። ሰው ቤት ሲቀርብልኝ «ጨጓራዬን ያመኛል» እላለሁ። ውሸቴን ነው፣ ጨጓራዬ ድንጋይ ይፈጫል። ባለፈው ቅዳሜ ከሞጣ ወደ ቢቸና እናቴን ልጠይቅ ስሄድ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠች ሴት ትንሽ ልጇን እንዳያስመልሳት ብርቱካን ልጣ ልጣጩን አፍንጫዋ ሥር ያዘችላት። መስኮቱን ከፈትኩ። ረዳቱ «እህቴ፣ አቧራውን አስገባሽብን እኮ» አለኝ። ዘጋሁት። ምን ላድርግ፣ ሰው የእኔን ጉድ በምን ያውቃል። እስከ ደብረ ወርቅ ድረስ በሻሼ ጫፍ አፍንጫዬን ይዤ ተቀመጥኩ፤ አልጠቀመኝም። ሽታው የሚወስደኝ ወደ አሥር ዓመቴ ነው፤ ውባለም ያኔ አሥራ አራት ነበረች።

ውባለም ታላቅ እህቴ ናት። ቀጭን፣ ምላሷ የሰላ፣ አዛዥ። አባታችን የጭነት መኪና ሹፌር ስለነበር በሳምንት አንድ ቀን ቤት ካደረ ትልቅ ነገር ነው። እናታችን ቢቸና ገበያ ምስርና ሽንብራ ትሸጣለች። ስለዚህ የቤቱ አለቃ ውባለም ነበረች ማለት ይቻላል። ከእኔ ጋር በአንድ አልጋ እንተኛለን፤ ጋቢው የማነው በሚል በየጠዋቱ እንጣላለን፣ ሁልጊዜም የምትረታው እሷ ናት። ያን ጊዜ ስምንተኛ ክፍል ነበረች፤ ለሁለተኛ ጊዜ። ሰንፋ አይደለም። የፊተኛው ዓመት የሚኒስትሪ ፈተና ሳምንት ታይፎይድ ያዛትና እናታችን በር ቆልፋ አስቀረቻት። «ልጄ ትትረፍልኝ እንጂ ፈተናው ለከርሞም አለ» አለች። ጓደኞቿ ዘጠነኛ ክፍል ገብተው አዲሱን ዩኒፎርም ለብሰው በበራችን ሲያልፉ ውባለም ጓዳ ትገባ ነበር። ዓመቱን ሙሉ እንደዚያ ነው ያሳለፈችው።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ጠዋት እንደ ልማዳችን ጋቢ ስንጓተት ጉልበቴ ሆዷ ላይ አረፈ። ከእምብርቷ በታች ጠንካራ ነገር ነበር፣ እንደ ጥሬ ዱባ። ደንግጬ ጋቢውን ለቀቅኩላት።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ወስፋት ነው።»

«ወስፋት እንዲህ ይጠነክራል እንዴ?»

«አንቺ ደግሞ ሐኪም ሆንሽብኝ። የወስፋት ኪኒን ገዝቼ ውጫለሁ፣ ይወጣል።» ከዚያ እጄን ይዛ ሆዷ ላይ አደረገችው። «ይኸው፣ አያመኝም። ነክተሽ እይው።»

ነካሁት። እውነትም አላመማትም። «ለእማ ንገሪያት» አልኳት። ፊቷ ተለዋወጠ። ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝና፣ «ከነገርሻት ዘንድሮም ትቆልፍብኛለች። ለእማ፣ ለአባ፣ ለማንም ትንፍሽ ብትይ በጊዮርጊስ ገዝቼሻለሁ» አለችኝ።

ግዝት ለማያውቅ ሰው ቀላል ይመስለው ይሆናል። በእኛ አገር ግዝት ቀልድ አይደለም። ድንበር የገፋ፣ ከብት የሰረቀ ሰው ዳኛ ያቃተው እንደሆነ በግዝት ነው የሚያዝ። ጎረቤታችን አንድ ሰው ግዝት አፍርሶ ሁለት በሬው በአንድ ሳምንት እንደሞተበት ሲወራ ሰምቻለሁ። እኔ በሬ የለኝም። ያለኝ እናትና አባት፣ አንዲት እህት። እንግዲህ ከነዚህ ማንኛው ሊሞትብኝ ነው ብዬ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። አፌን ዘጋሁ።

ዝም ማለቱ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። በሳምንት በሳምንቱ ሆዷ ገፋ። ጠዋት ዩኒፎርም ከመልበሷ በፊት የእናታችንን አሮጌ መቀነት ሆዷ ላይ ትጠመጥምና ጀርባዋን ትሰጠኛለች። «ጥብቅ አድርገሽ እሰሪ» ትለኛለች። እኔም እግሬን አልጋው ላይ ተክዬ እስባለሁ። ከላይ ሹራብ ትደርባለች፤ በግንቦት ፀሐይ፣ ሹራብ። አሁን እጄን ሳየው የሚመጣብኝ ያ መቀነት ነው። ማንም አላስገደደኝም፣ ደስ እያለኝ ነበር የማስርላት። ታላቅ እህቴ ምሥጢር አካፍላኛለቻ። እስከዚያ ድረስ ከምንም ነገር አትቆጥረኝም ነበር።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የአንድ ገበሬ በሬ መሰረቁ ተነገረና የደብሩ ካህን ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመው ገዘቱ። «ያየ፣ የሰማ፣ የሚያውቅ፣ አውቆም ዝም ያለ፣ ውግዝ ይሁን» አሉ። ሕዝቡ በሙሉ «ይሁን» አለ። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ «ይሁን» ስትል እጇን ይዤ ቆሜአለሁ። ስለ በሬ መሆኑ አልገባኝም፤ ስለ እኔ የሚናገሩ መሰለኝ። ብናገር ውግዝ፣ ዝም ብል ውግዝ። ወዴት ይኬዳል?

በሳምንቱ የንስሐ አባታችን ቄስ ሞላ ቤታችንን ጸበል ሊረጩ መጡ። ደግ ሰው ነበሩ፣ ሳቅ የሚወዱ። እናቴ ጓዳ ስትገባ ጠብቄ ጠጋ አልኳቸው።

«አባቴ፣ ሰው ተገዝቶ እንደሆነ እንዴት ይፈታል?»

«ማን ነው የተገዘተ?»

«እኔ።»

«አንቺ? ማን ገዘተሽ?»

«ሰው።»

«ትልቅ ሰው ነው ትንሽ?»

አሰብኩና «መካከለኛ» አልኳቸው። ቄስ ሞላ ጭራቸው ከእጃቸው እስኪወድቅ ሳቁ። «በምን ጉዳይ ነው የገዘተሽ ይህ መካከለኛ?» አሉኝ። «እሱን እንዳልናገር ነው የተገዘትኩት» አልኳቸው። እንግዲህ ምን ይበሉ? የልጆች ጨዋታ መሰላቸው። «እንግዲያውስ ያሰረሽ ይፍታሽ። ሂጂና ፍታኝ በዪው። በእግዜር ስም መጫወትም ደግ አይደለም፤ አሁን በዓለ ሃምሳ ነው፣ ስግደት የለም፤ ሰባት ቀን አቡነ ዘበሰማያት ሰባት ሰባት ጊዜ ድገሚ» አሉኝ። ራሴን በመስቀል ዳበሱኝና ሄዱ። እሳቸውን አልወቅስም። ትንሽ ቢጫኑኝ እዘረግፈው ነበር፤ ግን ከአሥር ዓመት ልጅ አፍ እንዲህ ያለ ነገር ይወጣል ብሎ ማን ይጠብቃል።

ሰባቱን ቀን ደገምኩ። አንድም አላጎደልኩ። ሰባት ቀን፣ ያውም ያ ሆድ በየቀኑ እየገፋ። ስጨርስ ውባለምን ከጓሮ ልብስ ስታሰጣ አገኘኋትና «ፍቺኝ» አልኳት።

«ከፈተናው በኋላ።»

«ቄስ ሞላ ያሰረሽ ይፍታሽ ብለዋል።»

«ነገርሻቸው?» ልብሱን ጣለችው።

«ኧረ አልነገርኩም።»

ትንሽ አየችኝና ልብሱን አንሥታ አራገፈች። «ሃያ ቀን ነው የቀረው፣ ስመኝ። ሃያ ቀን ዝም ማለት ያቅትሻል?» አለችኝ። አላቃተኝም። ቢያቅተኝ ምን ነበረበት እያልኩ ስንት ጊዜ እንዳሰብኩ ልነግራችሁ አልችልም።

ፈተናው ሰኔ ላይ ደረሰ። በመጨረሻው ቀን ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኳት። ከሁሉ በኋላ ወጣች፣ ግድግዳ እየተደገፈች። ግንባሯ በላብ ርሷል። «ሁሉንም ሠራሁት» አለችኝ፤ ሁለት እርምጃ ሄደችና አጥሩ ሥር ተንበረከከች። ሆዷን ይዛ ስትጮህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማኋት። ባጃጅ ጠሩልን። ጤና ጣቢያ ስትደርስ መቀነቱን በመቀስ ቆረጡት። ያን ዕለት በአምቡላንስ ሞጣ ወሰዷት፣ ማምሻውንም ቀዶ ጥገና ተደረገላት።

ሐኪሙ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ ወጣት ነበር፤ አማርኛው ከእኛ ይለያል፣ ረጋ ብሎ ነው የሚናገር። ያወጣውን ለምርመራ አዲስ አበባ ልኮ ውጤቱ ሲመጣ እናቴንና አባቴን አስጠራ። እኔ በር ላይ ነኝ። «ልጅ ገና በማህፀን ሲሠራ፣ ኋላ እንቁላል የሚሆኑት ሴሎች ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ» አላቸው። «ከነዚያ መሃል መስመር የሳተ ሲኖር እንዲህ ሆኖ ያድጋል። ልጆች ላይ ይመጣል፤ እናንተ ያጠፋችሁት ነገር የለም። ካንሰር ነው። ግን መድኃኒት የሚፈራ ካንሰር ነው። ቶሎ አዲስ አበባ ውሰዷት።» አባቴ ቃሉን አንድ በአንድ አዳመጠ። እናቴ የሰማችው አንዱን ብቻ ነው።

ክረምቱን ትምህርት ስለተዘጋ እኔም አብሬ ሄድኩ። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፣ ሆስፒታሉ ውስጥ ደግሞ ሁሉም ነገር የሚነበብና የሚጻፍ ነው። አዲስ አበባ ያለችው አክስቴ ሥራ ላይ ስለምትውል ለመጻፉ ሥራ እኔ ተመረጥኩ። መድኃኒቱ በየሦስት ሳምንቱ ነው፤ ሐኪም ቤት ጥቂት ቀን ትተኛና ወደ ቢቸና እንመለሳለን። ስንሄድ ምንም አትል፤ ስንመለስ ነው ጉዱ። የዓባይን በረሃ መንገድ ስንያያዘው የእኔ ሥራ ይጀምራል። በአንድ እጄ ፌስታል፣ በአንድ እጄ የብርቱካን ልጣጭ። ትንሽ ቆይቶ ብርቱካኑም ራሱ ያስመልሳት ጀመር፤ እኛ ግን ሌላ አናውቅምና መላጡን አልተውንም። «ስመኝ፣ በፈጠረሽ፣ ያንን ነገር አርቂው» ትለኝ ነበር።

ሆስፒታል ውስጥ ደግሞ የሽንቷን ልክ የምጽፍ እኔ ነኝ። መድኃኒቱ ኩላሊት ስለሚጎዳ ውኃ በጉሉኮስ ይሰጧታል፣ የገባው እንዳይቀር የወጣው ይለካል። እናቴ መስመር ባለው የፕላስቲክ ጆግ ታመጣለች፤ እኔ ሰዓቱንና ልኩን ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ነርሷ ደብተሬን አይታ «ጎበዝ፣ ከእኛ ተማሪዎች ትሻያለሽ» አለችኝና ቀኑን ሙሉ ኮራሁ። አንደኛው መድኃኒት ብርሃን እንዳይነካው በጥቁር ፌስታል ተሸፍኖ ነበር የሚሰቀል። እኔ ከቡዳ ዓይን የሚጋርዱት መስሎኝ ማንም ሰው ትክ ብሎ ሲያየው በመሃል እቆም ነበር።

ኋላ ፀጉሯ መርገፍ ጀመረ። ትራሱ ላይ እፍኝ እፍኝ ሆኖ ሳየው፣ ለቄስ ሞላ በግማሽ ስለተናገርኩ ግዝቱ የደረሰባት መሰለኝ። አልጋዋ ሥር ገብቼ አቡነ ዘበሰማያት እደግም ጀመር። አንዲት የሌላ ልጅ እናት ጎንበስ ብላ አየችኝና «ይህችስ ልጅ ምን ሆና ነው?» አለች። «ተይያት፣ ለእኔ እየጸለየች ነው» አለች ውባለም።

ከዚያ የምፈራው ቀን መጣ። ዋናዋ ዶክተር ጎልማሳ ሴት ነበሩ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሚሰቅሉ። ካርዱን እያገላበጡ እናቴን ጠየቋት።

«እብጠቱ ከመቼ ጀምሮ ነው የታየው?»

«አላየሁም፣ የኔ እመቤት። አላወቅሁም።»

«ማንም አላየም?»

እኔ ጆጉን ይዤ ቆሜአለሁ። ውባለም ከአልጋዋ ላይ አየችኝ፣ ረዘም አድርጋ። ከዚያ ወደ ዶክተሯ ዞረች። «ማንም አያውቅም ነበር። እኔ ነኝ የደበቅሁ» አለች።

ዶክተሯ ራሳቸውን ነቀነቁ። ክፋት አልነበረባቸውም፣ ልማድ ሆኖባቸው ነው የተናገሩት። «ሆድ ውስጥ ከመፈንዳቱ በፊት ቢመጣ ኖሮ ምናልባት ቀዶ ጥገናው ብቻ ይበቃት ነበር። አሁን ጉበቷ ላይም አለ። ቢሆንም ይህ ዓይነቱ ለመድኃኒቱ እሺ ይላል፣ ተስፋ አንቆርጥም» አሉ። እናቴ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ደረቷን መታች። «አብራኝ እየበላች፣ አብራኝ እየጠጣች፣ ዓይኔን ምን ጋረደው?» አለች። ደጋግማ መታችው። እኔ አጠገቧ ነበርኩ፣ ብዘረጋ እጄ ትከሻዋ ላይ ይደርሳል። ጆጉን ወደ መጸዳጃ ቤት ወስጄ አጠብኩት። ንጹሕ ነበር፤ ሁለት ጊዜ አጠብኩት።

መድኃኒቱ እውነትም እሺ አሰኘው። የበሽታውን ልክ የሚናገር፣ በየጊዜው በደም ምርመራ የሚታይ ቁጥር አለ፤ በየዙሩ እየወረደ መጣ። የፈተናው ውጤት ነሐሴ ላይ ተለጠፈና ውባለም በጥሩ ነጥብ አለፈች። አባቴ መኪናውን መንገድ ዳር አቁሞ አለቀሰ አሉ። መስከረም ላይ በሻሽ ራሷን አስራ ዘጠነኛ ክፍል ተመዘገበች፤ አዲሱን ዩኒፎርም ለብሳ ከፊቴ ፊቴ ስትሄድ አስታውሳለሁ፣ በየመቶ ሜትሩ እየቆመች ትንፋሿን እየሰበሰበች። ጥቅምት ላይ ቁጥሩ ከጤነኛ ሰው እኩል ሆነ። እኔ ያኔ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ታኅሣሥ ላይ ለክትትል ስትሄድ ቁጥሩ ተነሥቶ ተገኘ።

ከዚያ በኋላ ሌላ መድኃኒት ሞከሩ፣ በሽታው ለእሱ እሺ አላለም። ጥምቀት ሰሞን አንድ ረፋድ ጓሮ ቆዳ አንጥፈንላት ፀሐይ እየሞቀች ሳለ ጠራችኝ።

«ስመኝ፣ ፈትቼሻለሁ።»

«ምኑን?»

«አትጃጃዪ፣ ታውቂዋለሽ። እማ ራሷን እየበላች ነው። ደብቄሽ ነው ብላት ለእሷ ስል የምዋሽ እየመሰላት ነው። አንቺ ንገሪያት። መቀነቱን ሳይቀር ንገሪያት። ሁለት ሆነን እንደሸወድናት ትወቅ፣ እሷ ምንም አላጠፋች።»

«እሺ» አልኳት።

አልነገርኩም። ነገ እላለሁ። ነገ ሲመጣ እናቴ ፊቷ ጥቁር ብሎ አያታለሁ፣ ይህንንም ሰምታ ትጠላኛለች እላለሁ። ውባለም ጠዋት ጠዋት በዓይኗ ትጠይቀኛለች፤ እኔ ወደ ሌላ አያለሁ። የካቲት ውስጥ ሞተች። ለቅሶ ሊደርስ ለመጣው ሁሉ እናቴ የምትናገረው ያንኑ ነበር፣ «አብራኝ እየበላች ሳላውቅላት።» ሰዉ «ተይ እንጂ፣ የአምላክ ሥራ ነው» ይላታል። ድንኳኑ ውስጥ ከእሷ አጠገብ ተቀምጬ ሰማሁት፣ ሦስቱንም ቀን። ግዝት አልነበረብኝም እኮ። ተፈትቼ ነበር። በዚያ ሁሉ ዓመት ዝም ያልኩት በራሴ ፈቃድ ነው፤ ፈሪ ስለሆንኩ ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ቅዳሜ ዕለት ቢቸና ስደርስ እናቴ ደጅ ላይ ምስር እየለቀመች አገኘኋት። አርጅታለች፣ ሰፌዱን ዓይኗ ሥር አስጠግታ ነው የምትለቅመው። ያ የብርቱካን ሽታ ገና ከአፍንጫዬ አልወጣም። ቦርሳዬን እንኳ ሳላስቀምጥ ከጎኗ ቁጭ አልኩና ነገርኳት። የውባለምን ሆድ በጉልበቴ እንደነካሁት፣ እንደገዘተችኝ፣ መቀነቱን፣ ሆስፒታል ውስጥ ዝም ማለቴን፣ ውባለም ፈትታኝ ሳለ አለመናገሬን። ምስሩን መልቀሟን አላቋረጠችም። ስጨርስ «እማ፣ አንቺ ልታውቂ አትችይም ነበር። እኛ ነን የደበቅንሽ» አልኳት።

እጇ ሰፌዱ ላይ ቆመ።

«ሚያዝያም ግንቦትም የወር አበባ ጨርቋ ከሚታጠበው ልብስ መሃል አልነበረም» አለች። «ልብስ የማጥብ እኔ አይደለሁ? አንድ ቀን ደግሞ ገላዋን ስትታጠብ በበሩ ስንጥቅ አየኋት። ሆዷን አየሁት፣ ስመኝ። አርግዛለች አልኩ።»

ቦርሳዬን መሬት ላይ አስቀመጥኩ።

«ብጠይቃት ታምንልኛለች። ካመነች ለአባትሽ መንገር ሊኖርብኝ ነው። ፈተናዋን ትጨርስና አክስትሽ ዘንድ እልካታለሁ፣ ሰው ሳይሰማ ትገላገላለች ብዬ ዝም አልኩ። ማን ይሆን እያልኩ በየመንገዱ ወንድ ወንዱን ሳይ ነበር የምውል። ልጄ እየሞተችብኝ እኔ ስሟን እጠብቃለሁ።»

ዓይኗ ደረቅ ነበር። ከምስሩ መሃል አንዲት ጠጠር አንሥታ በጣቶቿ መሃል ያዘቻት፣ አልጣለቻትም።

«አንቺ ልጅ ነበርሽ» አለችኝ። «አንቺንስ እሷ ገዝታሽ ነው። እኔን ማን ገዘተኝ?»